ያልተፈተነ ጆሮ

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ በቦሌና በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት ልጅና የልጅ ልጅ የምታሳድጉ፣ በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) የምትቀመጡ፣ ትምህርት ቤት ከፍታችሁ የምታስተዳድሩ፣ እንደኔ ጠመኔ ይዛችሁ ያረጃችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለልጆቹ አይደለም። ልጆቹ የታዘዙትን እያደረጉ ነው፤ ያዘዝናቸው እኛ ስለሆንን ማስጠንቀቂያው የሚገባው ለእኛ ነው።

የማስጠነቅቃችሁ ነገር አንድ ነው። ልጆቻችን አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ይማራሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ጂኦግራፊውንም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። በዚያ ቋንቋ የተነገረውን ሰምተው መረዳት አለመረዳታቸውን የሚመዝን አንድም አገር አቀፍ ፈተና ግን አይቀመጡም። ዩኒቨርሲቲ በገቡ ማግስት ኑሯቸው በሙሉ መስማት ይሆናል፤ መምህሩ ይናገራል፣ እነሱ እየሰሙ ይጽፋሉ። እኛ ሳንፈትነው ያሳለፍነው ጆሮ የሚፈተነው እዚያ ነው። ሲወድቅም ማናችንም አጠገቡ የለንም።

ያለፉትን ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ታስታውሳላችሁ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። በየቤቱ ሐዘን ተቀመጥን። ኩረጃው ሲቀር እውነቱ ወጣ አልን፤ መምህራኑን ወቀስን፤ መጽሐፍ አልደረሰም፣ ኮሮና ነበር፣ ጦርነት ነበር አልን። ሁሉም እውነትነት አለው። ያልጠየቅነው ግን ይህን ነው፦ የሒሳቡም፣ የአፕቲትዩዱም፣ የኬሚስትሪውም፣ የታሪኩም ወረቀት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ፣ ፊዚክስ የወደቀው ልጅ ፊዚክሱን ስላላወቀ ነው ወይስ ጥያቄው ምን እንደሚል ስላልገባው? ይህን ለይቶ የሚነግረን ሰው የለም፤ ለይተን ለማወቅም አልሞከርንም።

ለመሆኑ የእንግሊዝኛው ወረቀት ራሱ ምን እንደሚጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰዋስው አለ። የቃላት ፍቺ አለ። የተጓደለ ምልልስ ማሟላት አለ። የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ አለ። ምንባብም አለ። ሁሉም ምርጫ ነው፤ ልጁ ከፊደሎቹ አንዱን ያጠቁራል። የሚጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሚናገረው አንድ ቃል፣ የሚሰማው አንድ ድምፅ የለም። የሁለት ሰዎች ምልልስ እንኳ በዝምታ፣ በወረቀት ነው የሚፈተነው።

የመማሪያ መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም። በየምዕራፉ የማዳመጥ ክፍል አለው። ጽሑፉ የተቀመጠው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው። መምህሩ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ ይሰማል፣ ከዚያ ይመልሳል። አሳቡ መልካም ነበር። በሥራ ላይ ግን አብዛኛው ክፍል ውስጥ የሚዘለለው ይኸው ክፍል ነው። ለምን እንደሚዘለል ከመምህራን ጋር የኖርኩ ሰው ነኝና ልንገራችሁ። ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ ደቂቃ እየተቆጠረ፣ ፈተና ላይ የማይወጣ ነገር የሚያስተምር መምህር በወላጅ ይከሰሳል። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ሄደን «ተረት ከሚያነብላቸው ወርክሺት ይስጥልን» የምንለው እኛ ነን። መምህሩም ሰምቶናል፤ ያልነውን አድርጓል።

ምንባቡም ቢሆን የሚነበብ እንዳይመስላችሁ። በየሰፈሩ የምንቀጥራቸው አስጠኚዎች የሚያስተምሩት ዘዴ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብብ፣ ከጥያቄው አንድ ቃል ያዝ፣ ያንን ቃል ምንባቡ ውስጥ አድነህ አግኝ፣ አጠገቡ ካለው ጋር የሚቀራረበውን ምረጥ። ዘዴው ነጥብ ያመጣል፤ አልክድም። ልጁን «ጸሐፊው ምን ሊል ፈልጎ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ግራ ይገባዋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠይቀኛል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ለፈተና የሚዘጋጁ የሰፈራችን ልጆች ቤቴ እየመጡ ያጠኑ ነበር። ሞዴል ፈተና ላይ ጥሩ የሚያመጡ፣ ጨዋ ልጆች ናቸው። አንድ ቀን ስለ ቡና ተክል የተጻፈ አጭር አንቀጽ፣ ቃላቱ ከ9ኛ ክፍል የማይከብዱ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸውና ምን እንደሰሙ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ከመካከላቸው ደፈር የምትለው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱን ቢያሳዩን» አለች። ሰጠኋት። በዓይኗ ስታየው ከአንቀጹ ውስጥ የማታውቀው ቃል አልነበረም፤ አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። በጆሮዋ ሲመጣ ግን ያው ቃል ለእሷ እንግዳ ነው። ይህች ልጅ በመስከረም ወይም በጥቅምት ሦስት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጣ፣ ማይክሮፎኑ የሚንኮሻኮሽ መምህር ስለ ሕዋስ ክፍፍል ሲያስረዳ ልትሰማ ነው። «ወረቀቱን ቢያሳዩን» የምትለው ለማን ነው?

ይህ ጉዳት አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የገባበትን ጊዜ አስታውሱ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ ተናጋሪው በደቡብ አፍሪካ አነጋገር ይፈጥናል፤ ቁም ቢሉት አይቆም፣ ድገም ቢሉት አይደግም። መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት ዳር ይቆማል። አንድ ትውልድ በጆሮው እንዲማር ተወሰነበት፤ ያ ጆሮ ይችል እንደሆነ ግን ቀድሞ የለካው አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ስክሪን ሲያዩ ከርመው ጭንቅላታቸው ውስጥ ምንም ያልገባ ልጆች አውቃለሁ። ዛሬ ወላጆች ሆነው ልጆቻቸውን ኬጂ የሚያስገቡት እነሱ ናቸው፤ ለልጃቸው እንግሊዝኛ የሚሳሱት ያ ቁስል ስላልሻረ ነው። አልፈርድባቸውም።

እኛ የቦሌ ሰዎች ጆሮ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጣሪያችን ላይ ቀንና ሌሊት የሚያልፉትን አውሮፕላኖች አስቧቸው። አብራሪውና የማማው ተቆጣጣሪ አይተያዩም፤ በመካከላቸው የሚነበብ ወረቀት የለም፤ ያለው በሬዲዮ የሚመጣ ድምፅ ነው፣ ዓለም አቀፍ በረራ ላይም የሚግባቡበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በስፔኗ ቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። ምክንያቱ ብዙ ነበር፦ ጭጋጉ፣ የማረፊያው መጨናነቅ፣ የአንዱ ካፒቴን ጥድፊያ። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በእንግሊዝኛ የተነገረች አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። አንደኛው አውሮፕላን መንደርደር ጀምሮ ሳለ ከውስጡ የተነገረችውን ዓረፍተ ነገር ማማው «ለመነሳት ቦታችንን ይዘናል» እንደማለት አድርጎ ሰማት። የተናጋሪውም የአድማጩም የአፍ መፍቻ እንግሊዝኛ አልነበረም።

ከዚያና ከሌሎችም አደጋዎች በኋላ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የቋንቋ መለኪያ አወጣ። መለኪያው ስድስት ደረጃዎች አሉት። በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠራ አብራሪም ሆነ ተቆጣጣሪ ቢያንስ አራተኛው ደረጃ ላይ መድረስ አለበት፤ አራተኛው ላይ የቆመ ደግሞ በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይፈተናል። የሚፈተነው አንደበቱና ጆሮው ነው፤ ፊደል እንዲያጠቁር አይጠየቅም። እዚሁ ቦሌ ያለው የአየር መንገዳችን የሥልጠና ተቋም ከአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ወጣቶችን ያሠለጥናል። ልጄ አብራሪ ይሁንልኝ ብላችሁ የምትመኙ ብዙ ናችሁ፤ ምኞቱ መልካም ነው። ልጁ በትምህርት ዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ ሰምተህ መልስ ተብሎ ያልተፈተነ ከሆነ ግን፣ የመጀመሪያው ፈተና የሚጠብቀው በዚያ በር ላይ መሆኑን እወቁ። ውጭ አገር ለመማር አይልትስ የሚፈተነውም እንዲሁ ነው። የማዳመጡ ክፍል 40 ጥያቄ አለው፤ ድምፁ አንድ ጊዜ ይሰማል፣ አይደገምም። በየፎቁ ላይ ለዚህ ፈተና የሚያዘጋጁ ክፍሎች እንደ አሸን የፈሉት አሥራ ሁለት ዓመት ያልተሠራውን በጥቂት ሳምንት ለመሥራት ነው፤ ከፋዮቹም እኛው ነን።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት ተመልከቱ። ቻይናውያንን በሰፈራችን በቅርብ አይተናቸዋል። የአውሮፕላን ማረፊያውን ተርሚናል ያስፋፉት እነሱ ናቸው፤ እስከ አያት የሚዘልቀውን ቀላል ባቡርም ሠርተዋል። ሳይት ላይ የእኛ መሐንዲስና የእነሱ ኃላፊ የሚነጋገሩት ለሁለቱም ባዕድ በሆነው እንግሊዝኛ ነው። በቻይና በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ለሚጀምረው፣ ጋኦካኦ ለተባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በቅርብ ዓመታት 13 ሚሊዮን ገደማ ወጣቶች ተመዝግበዋል። በብሔራዊው ወረቀት እንግሊዝኛ ከ150 ይታረማል፤ ከዚህ ውስጥ 30ው የማዳመጥ፣ 50ው የንባብ ነው። የማዳመጡ ጥያቄ 20 ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት አጫጭር ምልልሶች አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማሉ፣ ረዘም ያሉት ሁለት ጊዜ። ድምፁ በሚለቀቅበት ሰዓት በፈተና ጣቢያዎች ዙሪያ ክላክስ ማስጮህ ይከለከላል፣ የግንባታ ሥራ ይቆማል። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ከዚህም ትብሳለች። የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና በሚሰጥበት ሰዓት በመላ አገሪቱ ለ35 ደቂቃ ያህል አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም።

እነዚህ አገሮች ሁሉን አሳክተዋል እያልኳችሁ አይደለም። ሽምደዳውና የአስጠኚው ንግድ እነሱንም አስጨንቋል፤ ፈተናውን አልፎ አፉን የማይከፍት ወጣት እነሱም ዘንድ ሞልቷል። ቢያንስ ግን ልጁ ሊሰማ እንደሚገባው ያምናሉ፣ ስለሚያምኑም ይለኩታል። ኮሪያ ሰማይዋን የምትዘጋለትን ጆሮ፣ እኛ በአውሮፕላን መንገድ ሥር ተቀምጠን አንድ ጥያቄ እንኳ አንጠይቀውም።

አሁን ሊያስቆጣችሁ ወደሚችለው ነገር ልምጣ። «ይህ የኔን ልጅ አይመለከትም፤ እሱ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ጠጥቶታል» የምትሉኝ አላችሁ። በቦሌ ብዙ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። ከካርቱንና ከዩቲዩብ የቀሰሙት ቅላጼ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ያስመስላቸዋል። እንግዳ ሲመጣ ጠርተናቸው እናናግራቸዋለን፣ እንኮራለን። ያንኑ ልጅ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ስጡት። ስለ ውሃ ዑደት ይሁን፣ ስለ ዓድዋ ይሁን። ከሁለተኛው አንቀጽ በኋላ ዓይኑ ይባዝናል። አሥር ደቂቃ የሚወስድ ማብራሪያ ሰምቶ ዋናውን ነጥብ እንዲለይ ጠይቁት። ካርቱን በሥዕሉ ነው የሚገባው፤ ሥዕሉ ሲወሰድበት የሚሰማውን የሚያያይዝበት ነገር ያጣል። ቅላጼ መረዳትን አያስመሰክርም። በዚህ ላይ አማርኛውን ነፍገነዋል። ሴት አያቱ ከልጅ ልጇ ጋር በአስተርጓሚ የምታወራበት ቤት ገብቼ አዝኜ ወጥቻለሁ። በአንዱም ቋንቋ ረጅም ነገር ሰምቶ መጨረስ ያልለመደ ልጅ በሁለተኛው ይህን ከየት ያመጣዋል? በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው በተማሩበት ቋንቋ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ችግሩ የሚጀምረው እንግሊዝኛው ከመምጣቱ በፊት ነው።

ከዚህ ሰፈር በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ደግሞ ሌላ ነው። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያሰማው የለም፤ የሚሰማው የመምህሩን ብቻ ነው፣ መምህሩም ለማስረዳት ሲል ወደ አማርኛ ይመለሳል። አንድ የማከብረው ወዳጄ በዚህ ልጅ ስም ተከራክሮኛል። የማዳመጥ ፈተና ከመጣ የሚጎዳው ይህ የድሃ ልጅ ነው፣ ኢንተርኔትና ኬብል ያለው የቦሌ ልጅ በነጥብ ጥሎት ይሄዳል አለኝ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ብዙ ቀን አሰብኩበት። ግን ልጁ ዋጋውን ዛሬም እየከፈለ ነው። የሚከፍለው በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት፣ ከቤቱ ርቆ፣ የሚያግዘው በሌለበት ነው፤ ማንም ስለማያየው ነው ያልተከፈለ የሚመስለን። በፈተና ላይ ቢታይ መንግሥትም ትምህርት ቤቱም መምህሩም እንዲያስተምሩት ይገደዳሉ። ያልተለካ ጉድለት በጀት አይመደብለትም። በአንድ ጊዜ ከባድ ነጥብ ይያዝለት አልልም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለመመዘን ብቻ፣ ነጥቡ ሳይደመር ይሰጥና የት እንዳለን እንይ።

ስለ ፈተና መሰረቅ ብዙ አልናገርም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ወረቀት ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለጠፍ ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ ተሰጥቷል። ዛሬም በየክረምቱ መግቢያ በቴሌግራም መልስ እንሸጣለን የሚሉ አሉ፤ ለልጁ ብሩን የሚሰጠው ወላጅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መልስ የተገዛለት ልጅ ከአባቱ የሚማረው ማንበብና መስማት ከንቱ ድካም መሆናቸውን ነው።

ጡረታ የወጣን መምህራን፣ እኛ ሥራ አለን። የማዳመጥ ትምህርት ላቦራቶሪ አይጠይቅም። የሰው ድምፅ ይበቃዋል። ሰፈራችሁ ያለ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ላንብብላቸው በሉ። ትክክለኛ ቅላጼ የለኝም ብላችሁ አታፍሩ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚጠብቃቸው መምህርም የወሎ፣ የጅማ፣ የሕንድ ቅላጼ ይኖረዋል። አንቀጹን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ ከዚያ «ማን ምን አደረገ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቋቸውና በራሳቸው ቃል ያስረዷችሁ፤ መጀመሪያ በአማርኛ ቢሆንም ግድ የለም። የትምህርት ቤት ባለቤቶች፣ በማስታወቂያችሁ ላይ ልጆቹ ከኬጂ ጀምሮ እንግሊዝኛ እንደሚናገሩ ትለጥፋላችሁ፤ አንብበውና ሰምተው ምን እንደሚረዱ የለካችሁትን አሳዩን።

ለዓመታት አንድ ምክንያት ነበረን። በየአዳራሹ ለሺዎች ተፈታኞች ቴፕ እንዴት ይከፈታል፣ መብራት ቢጠፋስ፣ ከኋላ ያለው ባይሰማስ እንል ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የ12ኛ ክፍል ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ልጁ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል፤ የሚጎድለው ጆሮው ላይ የሚደረገው ማዳመጫ ነው። የትምህርት ሚኒስቴርም ሆነ ፈተናውን የሚያዘጋጀው አገልግሎት ይህን እንዲጀምሩ መጠየቅ የየወተመሁ ድርሻ ነው፤ ጥያቄው ከቦሌና ከለሚ ኩራ ትምህርት ቤቶች በአንድነት ቢነሳ የሚሰማው አያጣም።

እስከዚያው ግን የእናንተን በር አንኳኳለሁ። በሚመጣው የወላጆች ስብሰባ ስለ ክፍያ ጭማሪው ተከራክራችሁ ስትጨርሱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ርዕሰ መምህሩን ይህን ጠይቁልኝ፦ በዚህ መንፈቀ ዓመት ልጆቻችን መጽሐፋቸውን ዘግተው ስንት ጊዜ አዳመጡ፣ ከሰሙትስ ምን ያህሉን መለሱ? መልሱን በቃለ ጉባኤ አስይዙት።